በጠፍር የታሰረው ሞተር

ባለቤቴ የደወለችው ሐሙስ ዕለት፣ የተማሪዎች የፈተና ወረቀት እያረምኩ ሳለ ነው። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ተዛውራ ከሄደች ስምንት ወር ሆኗታል። ደህንነቴን ጠየቀችኝ፣ ደህንነቷን ጠየቅኳት። በመጨረሻ «ሞተሬን ላክልኝ» አለች። «እዚህ ገጠሩ ሰፊ ነው፤ በእግር አልቻልኩትም። በጭነት መኪና አስጭነህ ላከው፣ እኔ እዚህ እቀበላለሁ።» እሺ አልኳት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቀይ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ብዙ ቆየሁ። ላክልኝ ነው ያለችው፤ አምጣልኝ አላለችም።

እሷ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት፤ የአገሩ ልጅ፣ አፏን በአገውኛ የፈታች። እኔ ከደብረ ማርቆስ በኩል የመጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። ዳንግላ ይህን ያህል ዓመት ኖሬ አገውኛው ከሰላምታ አላለፈልኝም። ሞተሩ የራሷ ነው። ከብት ለመከተብ ቀበሌ ለቀበሌ ትዞርበታለች፣ ጭቃ በጭቃ ሆና ትመለሳለች፣ ማታ ራሷ ታጥበዋለች። እኔ ሞተር መንዳት አልችልም። አንድ ቀን ላስተምርህ ብላኝ የጎረቤት አጥር ጥሼ ጎመን መሐል ወድቄያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እርም አልኩ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከኋላዋ እቀመጥና ትምህርት ቤቱ በር ላይ ታወርደኝ ነበር።

ከተማው ይህን አይቶ ዝም አይልም። ባልደረቦቼ «የዛሬው ጭነት በሰላም ደረሰ ወይ?» ይሉኛል። ሁለት ዓመት አብሬ ሳቅኩ። አንድ ቀን ግን ሳቁ እምቢ አለኝ። እነሱ በር ላይ ቆመው እየሰሙ፣ «ከነገ ጀምሮ በእግሬ እመጣለሁ፤ ወንድ ልጅ እንደ ጆንያ አይጫንም» አልኳት። ማርሽ አስገብታ ሄደች። እኔም ያልኩትን አደረግኩ። ለአንድ ሰሞን መንገድ ላይ አጠገቤ ስትደርስ ቀዝቀዝ ታደርግ ነበር፤ በእጄ እለፊ እላታለሁ። በኋላ ቀዝቀዝ ማድረጉንም ተወችው። ዝውውሩ ሲመጣ «አብረን እንሂድ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እስቲ ሴሚስተሩ ይለቅ» አልኳት። ሴሚስተሩ ለቀቀ፣ ሌላው ገባ። ሽማግሌ አልተቀመጠም፣ ወረቀት አልተቀደደም፤ እንዲሁ እሷ እዚያ እኔ እዚህ ሆንን።

ሞተሩን በኋላ እወስደዋለሁ ብላ በረንዳው ላይ ትታው ነበር። ባትሪው እንዳይሞት በየሦስት ቀኑ አስነሳዋለሁ። ድምፁ ሲሰማ ጎረቤቴ በአጥሩ ብቅ ትልና «መጣች እንዴ?» ትለኛለች። «የለም፣ ባትሪው እንዳይሞት ብዬ ነው» እላታለሁ። ከጊዜ በኋላ ብቅ ማለቷን አቆመች፤ ያን ጊዜ ከመጠየቋ ይልቅ አለመጠየቋ ከፋኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ሞተሩ በረንዳው ላይ እስካለ ድረስ አንድ ቀን ልትወስደው ትመጣለች እያልኩ ነበር የምኖረው። እሱ ከሄደ ዳንግላ ውስጥ የሚቀርላት ዕቃ የለም። ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ነድቶ የሚያደርስ ሰው አይጠፋም ነበር። ግን በእሷ ሞተር ላይ ሌላ ወንድ ተፈናጦ ከግቢዬ ሲወጣ ማየት አልፈለግኩም፤ ቅናት ካላችሁትም ቅናት ነው። የጭነት መኪናውንም አልወደድኩትም። ጫኞቹ ሞተር በጎኑ አጋድመው ድንች በጆንያ ሲከምሩበት በዓይኔ አይቻለሁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ከላክሁት እኔ የምሄድበት ምክንያት አይኖርም። ስለዚህ በፈረስ ጋሪ ጭኜ ራሴ ላደርሰው ወሰንኩ። ከራሴም ጋር አንድ ውል ገባሁ። ሞተሩ ጭረት ሳይነካው እንጅባራ ከደረሰ፣ «ዝውውር ጠይቄ ልምጣ ወይ?» ብዬ ፊት ለፊት እጠይቃታለሁ። ጭረት ከነካው አፌን ዘግቼ እመለሳለሁ። ለምን እንዲህ ያለ ውል እንደገባሁ ዛሬም በቅጡ አላውቀውም። ምናልባት የሰው ፊት ከማይ የሞተር ጎን ማየት ስለቀለለኝ ይሆናል።

ከመናኸሪያው ጀርባ የሚቆሙ አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ አሉ። ከዳንግላ እንጅባራ ድረስ በጋሪ ብዬ ስነግራቸው ሳቁብኝ።

«መምህር፣ መኪና ጠፍቶ ነው?»

የማን ሞተር እንደሆነ ስነግራቸው ሳቃቸው ቆመ። ካቻምና ክረምት ፈረሳቸው ሆዱ ተነፍቶ ሊሞት ሲል፣ በዝናብ መጥታ ያዳነችላቸው እሷ ናት። «ለሷ ከሆነማ እንሄዳለን» አሉ። «እኔ እንጅባራ እህቴ ዘንድ አድሬ እመለሳለሁ። አንተስ የት ታድራለህ?» ጠዋት በስንት ሰዓት እንደምንነሳ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም አልደገሙትም።

የሴሚስተሩ ዕረፍት ሲጀምር፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋሪውን ግቢዬ አስገብተን ማዘጋጀት ያዝን። ቤንዚኑን ወደ ጀሪካን ቀዳሁ፣ የባትሪውን ገመድ ፈታሁ፣ ሁለቱን ስፖኪዮዎች አውልቄ ካልሲዎቼ ውስጥ ከተትኳቸው። ሽማግሌው የጋሪውን መቀመጫ አነሱና ከፊት በኩል ሁለት አጣና ጎን ለጎን በምስማር መቱ፤ የፊት ጎማው በመካከላቸው ገብቶ ወዲያ ወዲህ እንዳይል ነው። ከኋላው ጎማ ሥር የሚገባ ታኮም ጠረቡ። እኔ በዚህ መሐል ወረቀት ይዤ ክብደቱ ከጎማዎቹ ዘንግ ምን ያህል ወደፊት መሆን እንዳለበት አሰላለሁ። ስጨርስ አሳየኋቸው። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው በአክብሮት አዩት፣ አጥፈው መለሱልኝና ሥራቸውን ቀጠሉ።

አጫጫናቸው ቀላል ነበር። ፈረሱን ፈቱት፤ ከዚያ እሱ በመካከላቸው የሚገባባቸውን ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ወደ ሰማይ ለቀቋቸው። የጋሪው ኋላ መሬት ነካ። ሁለት ጎረቤቶች ጠርተን ሞተሩን እየገፋን አወጣነውና እንጨቶቹን ወደ ታች ሳብናቸው። ሽማግሌው የእንጨቶቹን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ብቻ አነሱ፤ ከበዳቸው። «ወደ ኋላ ትንሽ» አሉ። እንደገና አነሱ። «ትንሽ ወደፊት።» ሸክሙ ወደ ኋላ ከበዛ ጋሪው ፈረሱን በሆዱ ያንጠለጥለዋል፣ ወደፊት ከበዛ ጀርባውን ያጎብጠዋል፤ በሁለት ጣት ሲነሳ ልክ ነው አሉኝ። የእኔ ስሌት አንድ ስንዝር ስቶ ነበር። ማንም አላነሳብኝም፣ እኔ ግን ቅር አለኝ።

የተጣላነው በማሰሪያው ነው። እሳቸው የናይለን ገመድና ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አምጥተዋል። ገመዱ ይይዛል፣ ላስቲኩ ጉድጓድ ላይ ሰጥ ለጥ ይላል፣ ባረፍን ቁጥር ደግሞ እያየን እናጠብቃለን አሉ። እኔ ላስቲክ አላምንም። አባቴ አልጋ ሲሠራ ጠፍር ነበር የሚወጥረው፤ ጥሬ ቆዳውን በቀጭኑ ቆርጦ፣ ውሃ ውስጥ አሳድሮ፣ እርጥቡን ይጎነጉነዋል፤ ሲደርቅ አልጋው ዘመን ይሻገራል። እኔም ከገበያ ጠፍር ገዝቼ ከእሑድ ጀምሮ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፌዋለሁ። ከመሪው ግራና ቀኝ ወደፊት፣ ከኋላው ግራና ቀኝ ወደ ጎን፣ በአራት አቅጣጫ ልወጥረው ነው።

«ልጄ» አሉኝ፣ ከመምህርነት አውርደው፣ «አልጋ ባለበት ነው የሚደርቀው። ይሄ መንገደኛ ነው። ቆዳ መሳብ ከጀመረ አቁም ብትለው አይሰማም።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ላስቲክዎ አዲስ ቅዳም ከተማ ሳንደርስ ይፈታል» አልኳቸው። ትከሻቸውን ሰበቁ። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ጠፍሩን ከባልዲው አውጥቼ፣ እያንጠባጠበ፣ በገዛ እጄ አሰርኩት። ጉልበቴን ጎኑ ላይ አስደግፌ እስከምችለው ድረስ ሳብኩ። ሽማግሌው ገመዳቸውን ጠቅልለው ለፈረሱ ከጫኑት ሣር ሥር ከተቱት። የሁለት ቀን ልብስ የያዘች ቦርሳዬንም እዚያው አደረግኳት። ቦርሳዋን ለምን እንደያዝኩ ለእሳቸውም ለራሴም አልተናገርኩም።

ጎረቤቴ ጋሪው ሲወጣ በሯ ላይ ቆማ ነበር። «እግዜር ያግባችሁ» አለች፣ አንገቷን ደፍታ። ሬሳ የምንሸኝ አስመሰለችው።

ጠዋቱ መልካም ነበር። መንገዱ ዳር ዳሩን ይዘን በዝግታ ሄድን፤ መኪና ሲያልፈን ሰው በመስኮት አንገቱን እያወጣ ሞተር የጫነ ፈረስ ያያል። ሽማግሌው ፈረሱን በአገውኛ ያናግሩታል። እኔ ዳገት ላይ እወርድና ከጎን እሄዳለሁ፤ እየሄድኩም የምጠይቃትን ጥያቄ በልቤ እለማመዳለሁ። ዝውውር ጠይቄ ልምጣ ወይ? ዝውውር ልጠይቅ? ብመጣ ምን ይመስልሻል? በየትኛውም በኩል ባዞረው አልጨርሰውም። የተማሪ ፊት የማይፈራ ሰው በባዶ መንገድ ላይ ላብ ላብ አለኝ።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ነፋሱም ተነሳ። የየካቲት ነፋስ ልብስ ከገመድ ላይ ሳይወርድ ያደርቃል። ከሞተሩ በኩል ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሰማሁ። ዞር ብዬ ሳየው የሞተሩ ፊት ዝቅ ብሏል። ጋሪውን አስቆምኩ። ጠፍሩ ደርቆ መሪውን ወደ ታች እየሳበው የፊት አሞርዛተሩ እስከ ታች ተጨፍልቋል፤ ከጎማው በላይ ባለው ብረት ላይ ዘይት መታየት ጀምሯል። በግራ በኩል ያለው ጠፍር በፍሪሲዮኑ እጀታ ላይ አልፎ ነበርና እጀታው ወደ ውስጥ ታጥፏል። በጣቴ ጠፍሩን ስነካው እንጨት ሆኗል።

ጭረት ሳይነካው ያልኩት ውል እዚያ ላይ፣ መንገዱ ሳይጋመስ ፈረሰ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለው ለካ ለኔ ኖሯል።

አዲስ ቅዳም ለፈረሱ ሣርና ውሃ ስንሰጥ ቋጠሮውን ለመፍታት ታገልኩ። ጥፍሬ ተሰበረ እንጂ ንቅንቅ አላለም። ከፈረሱ ባልዲ ውሃ አፈሰስኩበት፤ ውሃው ላዩ ላይ ሄዶ መሬት ጠጣው። ሽማግሌው ቢላቸውን አወጡ።

«ቁረጠውና በገመዱ እንሰረው።»

«ውሃ አይፈታውም?»

«እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎበት ካላደረ አይለቅም።»

«ካላደረ?»

«አንድ ሌሊት ይፈልጋል» አሉ።

ቢላውን አልተቀበልኳቸውም። ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እያንዳንዱ ሰዓት ሞተሩን ይጎዳል፤ ያ ሞተር የእሷ እግር ነው። ግን ጥያቄዬን አጥቼ ሳለሁ አንድ ሌሊት ሲቀርብልኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ጠፍሩ እስኪለቅ ማደር አለብኝ እላታለሁ፤ ምክንያቱ እውነት ነው፣ ማንም አይታዘበኝም። ለሽማግሌው ግን «ዳገቱ ላይ ገመድ አላምንም» አልኳቸው። ረጅም ጊዜ አዩኝና ቢላቸውን መለሱ። ከዚያ በኋላ ፈረሱን እንኳ አላናገሩትም።

እንጅባራ የደረስነው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ብርዱ ገና በከተማው መግቢያ ተቀበለን። የተከራየችበትን ግቢ ባጃጅ ነጂዎች እየጠየቅን አገኘነው። በሩን ራሷ ከፈተችው። የሥራ ቦት ጫማዋን አላወለቀችም፤ ትንሽ ከስታለች። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ፈረሱን፣ ቀጥሎ ሞተሩን አየች።

«አንተ ራስህ አመጣኸው?» አለች።

«በጭነት መኪና ይጎዳል ብዬ ነው።»

ወደ ጋሪው ተጠጋችና ጎንበስ ብላ አየችው። በጣቷ ዘይቱን ነካች፣ የታጠፈውን እጀታ ዳበሰች። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትቆጣ ደስ ባለኝ፤ የተቆጣ ሰው ቢያንስ ያወራል። «ጠፍር ነው?» አለች። ጠፍር ነው አልኳት። «እርጥቡን አሰርኩት። ደርቆ እምቢ አለ። እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎበት ካላደረ አይለቅም።» እሷ ቀጥ ብላ ወደ ቤቷ ገባች። ውሃና ጨርቅ ልታመጣ ነው አልኩ በልቤ፤ ቦርሳዬንም ከሣሩ ሥር አወጣሁ።

ቢላ ይዛ ወጣች።

«ነገ በማለዳ ክትባት አለብኝ፤ ገበሬዎቹን ቀጥሬያለሁ» አለችና የመጀመሪያውን ጠፍር መቁረጥ ጀመረች። ተንበርክካ፣ ሳትቸኩል፣ ቀለሙን እንዳትነካ በግራ እጇ እየከለለች ትቆርጣለች። ሽማግሌው በሌላው በኩል ቆመው በአገውኛ አናገሯት። ራሷን ቀና ሳታደርግ በአጭሩ መለሰችላቸው። ደግመው አንድ ነገር አሉ፤ ያን ጊዜ ቢላዋን አቁማ አንዴ ወደ እኔ አየችና እንደገና በአጭሩ ተናገረች። እኔ መሐላቸው ቆሜ አንድም ቃል አልገባኝም። ስለ ፈረሱ የሚያወሩ መሰለኝ።

አራተኛው ሲቆረጥ የሞተሩ ፊት ሽቅብ ተመለሰ። ሦስት ሆነን አወረድነው። እጀታውን በፒንሳ መለሰችው፣ ባትሪውን አያያዘች፣ ቤንዚኑን ገለበጠች፣ በሁለተኛው ምት አስነሳችው። ስፖኪዮዎቹን ከካልሲው አውጥቼ ስሰጣት ፈገግ ያለች መሰለኝ። «ይቅርታ፣ አንድም ጭረት እንዳይነካው ነበር ያሰብኩት» አልኳት።

«ጭረትማ ሙሉውን ነው» አለች። «በየገጠሩ ስንት ጊዜ ወድቄበታለሁ።»

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። ሞተሩ ተነስቶ በቀስታ ይሠራል፤ እሷ እጇን በጨርቅ ትጠርጋለች፤ የምትሄድበት ቦታ የላትም። አሁን ሳስበው ረጅም ጊዜ ነው የጠረገችው። እኔ ግን ስለ ዘይቱ፣ አሞርዛተሩን ማን እንደሚያይላት፣ ሰንሰለቱ መጥበቅ እንዳለበት አወራሁ። ሞተር የማይነዳ ሰው ለሞተር ነጂ ስለ ሰንሰለት ያስረዳል። በመጨረሻ ቦርሳዬን አየቻት፤ ከዚያ ሰማዩን አየች።

«መኪና እንዳያመልጥህ» አለች።

ጉንጯን ሳምኳት፣ ሳመችኝ፤ የሩቅ ዘመድ አሳሳም ነበር።

ሽማግሌው ባዶውን ጋሪ እየነዱ እስከ መናኸሪያው አብረውኝ መጡ። ዳንግላ፣ ዳንግላ እያለ የሚጠራ ሚኒባስ አጠገብ ስንደርስ ፈረሱን አቆሙ። አመሰገንኳቸው። መውረዴን ጠብቀው ነበር የተናገሩት።

«ይደር፣ መሽቶበታል ብዬ ለመንኳት» አሉኝ፤ ልጓሙን እያዩ እንጂ እኔን አላዩኝም። «'እሱ መቼ ልደር አለኝ?' አለችኝ። ስደግምባት፣ 'ራሱ ይበለኝና በሩ ክፍት ነው' አለች። አገውኛ የምትሰማ መስሎኝ ነበር፤ እንደማትሰማ በኋላ ነው የገባኝ።»

ፈረሱን አዙረው ወደ እህታቸው ቤት ሄዱ።

የመጣንበትን መንገድ ተመለከትኩ። ቤቷ ድረስ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ምን እላታለሁ አልኩ። ሽማግሌው ነገሩኝ ልበላት? ተመልሼ ስመጣ ጎረቤቶቿ አይተው ምን ይላሉ? ነገ ማለዳ ሥራ አለብኝ አላለችም እንዴ? እያንዳንዱን ምክንያት አጥብቄ ያዝኩት። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ፤ ቦርሳዬንም ጭኔ ላይ አደረግኳት።

መኪናው እስኪሞላ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆመ። በሩ ክፍት ነበር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ መውረድ እችል ነበር፤ ማንም አልያዘኝም። መጨረሻ ላይ የአንድ ሰው ቦታ ሲቀር ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ጠበቀ። አንዲት ሴት ዶሮ ይዛ እየሮጠች መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። በሩ ተዘጋ፣ ሄድን።